ዝምታ ሲሸለም

ስማዳ ወረዳ፣ ወገዳ ከተማ ላይ ‹‹ጭንቀት አለብኝ›› ብሎ ለሕክምና ወደ እኔ የሚመጣ ተማሪ የለም። የሚመጣው ራሱን እያመመው፣ ልቡ እየመታ፣ ሆዱን እየቆረጠው ነው። አንዳንዱ ቀድሞ ጠበል ተጠምቋል፤ ጠበሉን ተው አልለውም፣ ጠበሉም ሕክምናውም ጎን ለጎን ይሂዱለት። ቢመረመር ጨጓራውም ልቡም ደህና ነው። ቁርጠቱ የሚነሳው መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጠው ‹‹ማን ይመልሳል?›› ሲሉ ነው።

የሕክምናው መንገድ የታወቀ ነው። ልጁ የሚፈራውን ነገር ከቀላሉ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይጋፈጠዋል፣ የሚያስፈራውን ሐሳብም አውጥቶ ይመረምረዋል። ሕክምናውም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን 488 ልጆች ለ12 ሳምንታት ተከታትሎ ነበር። የንግግር ሕክምና ብቻ ካገኙት 60 ከመቶ ገደማ፣ ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 55 ከመቶ ገደማ፣ ሁለቱንም ካገኙት ደግሞ 81 ከመቶ ገደማ በደንብ ተሻላቸው። መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከተሰጣቸው የተሻላቸው 24 ከመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ጥሩ ውጤት ነው። እኔ ግን ዓይኔ የሚያርፈው በቀሩት ላይ ነው። ያንኑ ሕክምና፣ ያንኑ ያህል ጊዜ አግኝተው ለምን ሳይሻላቸው ቀረ?

ተመራማሪዎች መልሱን ለረጅም ጊዜ የፈለጉት ፍርሃትን በሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል ነበር። ኋላ ግን አንዳንዶቹ ፊታቸውን ደስታ ወደሚስተናገድበት አዞሩ። ስትራያተም የሚባል፣ ከአንጎል ውስጠኛው ክፍል የሚገኝ አካል አለ፤ ዶፓሚን የሚያመነጩ ሴሎች መልእክታቸውን በብዛት የሚልኩት ወደዚያ ነው። የአንጎል ተመራማሪው ቮልፍራም ሹልትዝ በጦጣዎች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች አንድ የሚያስገርም ነገር ታየ። ሴሎቹ በጣም የሚነቁት እንስሳው ጭማቂ ስላገኘ ሳይሆን ያልጠበቀውን ጭማቂ ስላገኘ ነው። የለመደውና የሚጠብቀው ሲሆን ከወትሮው አይለወጡም፤ የጠበቀው ሲቀርበት ደግሞ ከወትሮውም በታች ይወርዳሉ። ሴሎቹ የሚያሰሉት በታሰበውና በሆነው መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በሰው ላይ ሲጠና ተመርማሪው ኤምአርአይ ውስጥ ተኝቶ ቁልፍ በመጫን ትንሽ ገንዘብ የሚያሸንፍበትን ጨዋታ ይጫወታል፤ ወይም ራሱ ላይ ሽቦ ተለጥፎለት ‹‹አሸነፍክ›› የሚለውን ባየ በሩብ ሰከንድ ገደማ የሚነሳው ሞገድ ይለካል።

የሚጨነቅ ልጅ ሽልማት የማይሰማው ይመስላል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ዓይን አፋር በነበሩ ታዳጊዎች ላይ በተደረገ ጥናት የሚገኘውም የሚታጣውም ገንዘብ ከፍ ሲል ስትራያተማቸው ከሌሎቹ ይልቅ በኃይል ነው የሠራው። ማሸነፍም መሸነፍም ከልክ በላይ ይከብዳቸዋል ማለት ነው። ደስታን የሚያደበዝዘው ብዙውን ጊዜ በጭንቀት ላይ ተደርቦ የሚመጣው ድባቴ ነው። አንጎል ለሽልማት የሚሰጠው ምላሽ በሕክምናው ማን እንደሚሻለው አስቀድሞ ይናገራል ወይ በሚለው ላይ ጥናቶቹ አልተስማሙም። በአንዳንዱ ምላሹ የበረታው ልጅ የተሻለ ይድናል፣ በሌላው ደግሞ ደካማ የነበረው ብዙ ይጠቀማል።

ስማዳ ላይ ኤምአርአይ የለኝም። ከጥናቶቹ የወሰድኩት አንድ ጥያቄ ነው፤ የሚያስፈራውን ከመዘርዘሬ በፊት ‹‹በዚህ ሳምንት ደስ ያለህ ነገር ምን ነበር?›› እለዋለሁ። ኳስ፣ ዘፈን፣ የታናሽ እህት ቀልድ፣ ምንም ይሁን። መልሱ ‹‹ምንም›› ከሆነና ሳምንታትም ካለፉት ወደ ፍርሃቱ አልሄድም። ድባቴውን መርምሬ፣ ቀኑን በትንንሽ ሥራና በሰው መሙላት እንጀምራለን፤ ካስፈለገም መድኃኒት እንጨምራለን። ቢሳካለት እንኳ ስኬቱ የማይሰማውን ልጅ ክፍል ፊት ማቆም ድካሙን ብቻ ማብዛት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን ከልጁ አንጎል ውጭ ያለው ነገር ነው፤ ሙያዬን የሚፈትነውም ይኸው ነው። የምታውቋትን አይነት ልጅ ላንሳ (ማንነት እንዳይታወቅ ሁለት ሦስት ልጆችን አንድ አድርጌያታለሁ)። ከገጠር ቀበሌ መጥታ ወገዳ ላይ ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ስንቋ ከቤት ይመጣላታል። ክፍል ውስጥ አትናገርም። አከራይዋ ‹‹ድምጿ አይሰማም፣ ጨዋ ልጅ ናት›› ይላሉ፤ መምህራኑም እንዲሁ። ዝም ባለች ቁጥር ሁለት ጊዜ ይከፈላታል፤ መጀመሪያ ፍርሃቷ ይቀልላታል፣ ቀጥሎ ትመሰገናለች። ስትናገርስ? በእኛ አገር ልጅን ፊት ለፊት ማመስገን ያጠግበዋል፣ ከዚያም አልፎ ዓይን ያስበላዋል ይባላል። ተንቀጥቅጣ ለመለሰችው መልስ የምታገኘው ‹‹ቀጥይ›› ነው፤ ከተሳሳተች ደግሞ ሳቅ። ስትራያተሟ በሚገባ ነው የተማረው። ያስተማረው አካባቢዋ ነው።

ስለዚህ ሕክምናው ከቢሮዬ መውጣት አለበት። ፈቃደኛ መምህር እፈልጋለሁ። ልጅቷ ከመመለሷ በፊት ይሆናል ያለችውን በደብተሯ ትጽፋለች፤ ‹‹ይስቁብኛል፣ ድምፄ ይዘጋል›› ትላለች። ከዚያ ቁጭ ብላ አንድ አጭር መልስ ትመልሳለች። የሆነውን ከሥሩ ትጽፋለች። የምንሠራው በሁለቱ መስመሮች ልዩነት ላይ ነው። ሰነባብቶ ቆማ ትመልሳለች፤ በስተመጨረሻ የሰልፍ ሰዓት በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ታነባለች። መምህሩን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ምላሹ ወዲያው ይሁን፣ ዓርብ እስኪደርስ አይቆይ።

ምስጋናውን ለመምህራኑ የማስረዳው በቅኔ ነው። ጎረቤታችን ጋይንት የቤተልሔም አገር ነው፤ የድጓ መምህራን የሚያስመሰክሩባት ደብር ከዚያው ናት፤ ማኅሌት እንግዳ የሆነበት ሰው በመካከላችን የለም። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፤ ከጉባኤ ፊት የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ቅኔው ሲያምር ‹‹ይበል!›› የሚለው ድምፅ ወዲያው ከአፍ ይወጣል። የሚመሰገነውም ቅኔው ነው እንጂ ልጁ አይደለም፤ ስለዚህ ዓይን የሚፈራ የለም። ‹‹ጎበዝ ልጅ›› ማለት የሚከብዳቸው መምህር ‹‹መልሱ ትክክል ነው፣ ማብራሪያውም ያምራል›› ማለት አይቸግራቸውም። አባቶች ጭንቀት እናክማለን ብለው አልሠሩትም፣ በዱላና በቁጣ የሸሸ ተማሪም አለ። ቅደም ተከተሉ ግን ከማንኛውም የሕክምና መምሪያ አያንስም።

ይህ ሁሉ የማይደርስበት ፍርሃትም አለ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ድረስ ገብቷል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ባለው ግጭት በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። መንገድ የሚፈራውን ልጅ ‹‹ተጋፈጠው›› አልለውም፤ ፍርሃቱ ልክ ነው። ፈተናውም እንዲሁ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ግማሹን ውጤት ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ‹‹ተማር፣ ታልፋለህ›› የሚለው ቃል ሲከሽፍ ያየ ተማሪ ማጥናት ባይጥመው በሽታ ነው ብዬ ካርድ ላይ ለመጻፍ እጄ ይከብዳል።

የልጅቷ እናት ስንቅ ይዘው በመጡበት ቀን ቢሮዬ ገብተው ‹‹ዶክተር፣ ልጄን ዓይን አውጣ ልታደርግብኝ ነው?›› አሉኝ። ዶክተር አለመሆኔን ብናገርም የሰሙኝ አይመስለኝም። ‹‹እናቴ፣ መናገር የምትለማመደው ክፍል ውስጥ ለትምህርቷ ነው፤ ቤት ስትመጣ ያው የሚያውቋት ልጅ ናት›› አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ድፍረት እዚህ ቁም ቢሉት አይቆምም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ሳይጠረጥሩ አልቀሩም። ትንሽ አሰብ አድርገው በሚቀጥለው ቀጠሮ እንድትመጣ ፈቀዱ፤ በሚኒ ሚዲያ የምታነብበት ቀን የገበያ ቀን እንዳይሆን ግን አደራ አሉኝ፤ እሳቸውም ቆመው መስማት ይፈልጋሉ።