ሰላጣው አያታልላችሁ

አኳፖኒክስ የሠራ ሰው እንግዳ ሲመጣበት መጀመሪያ የሚያሳየው ሰላጣውን ነው። ሰላጣው አፈር አልነካውም፣ ያብረቀርቃል፣ ለፎቶ ይመቻል። ጀማሪውም አይቶ ይደነቅና «ለእኔም እንዲህ ይሠራልኝ» ብሎ ይመለሳል። ሰላጣ ግን ታማኝ ምስክር አይደለም፤ ከችግኝ ጣቢያ መጥቶ ጠጠር ላይ አንድ ሳምንት የሰነበተውም እንደዚያው ያምራል። የሠሪው ሙያ የሚታየው ውሃው ላይ ነው። ውሃው ደግሞ ጉዱን የሚያወጣው ሊነጋጋ ሲል ወይም መብራት ሲጠፋ ነው።

ነገሩ አዲስ ለሆነበት ባጭሩ ልንገረው። ዓሣው በልቶ ከሚያስወጣው ነገር ውሃው ውስጥ አሞኒያ ይጠራቀማል፤ አሞኒያ ዓሣ ይገድላል። ዕፅዋቱ በሚበቅሉበት ጠጠር ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥለው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ዕፅዋቱ ናይትሬቱን ተመግበው የተሻለ ውሃ ወደ ዓሣው ገንዳ ይመለሳል። እንግዲህ ባለቤቱ የሚያረባው ዓሣና አትክልት ብቻ አይደለም፤ ዋናውን ሥራ የተሸከመው በዓይን የማይታየው ነው።

ሠሪ ከመምረጣችሁ በፊት የሠራውን ጓሮ ልታዩ ስትሄዱ፣ የምትችሉ ከሆነ ዓሣዎቹ ቁርስ ሳይበሉ ድረሱ። ሌሊቱን ዓሣውም፣ ባክቴሪያውም፣ አልጌ ካለ አልጌውም ኦክስጅን ሲጠቀሙ ስለሚያድሩ የገንዳው ኦክስጅን በጣም የሚያንሰው ጎህ ሲቀድ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ እኩል ሙቀት ያለው ውሃ እዚህ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚይዘው በሩብ ያህል ያንሳል። ዓሣዎቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው አየር የሚጎነጩ ከሆነ ገንዳው ከአቅሙ በላይ ተጭኗል ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ብትሄዱ ኖሮ ያው ገንዳ ሰላም መስሎ ይታያችሁ ነበር።

ጎንበስ ብላችሁም አሽትቱት። ደህና የተያዘ ጓሮ የእርጥብ አፈር ሽታ አለው። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተታችሁ ጠጠሩ ሥር አየር የማያገኝ ቆሻሻ ተኝቷል። ውሃው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ቢሆን አያሳስብም፤ አረንጓዴ ከሆነ ግን ገንዳው ብርሃን እያስገባ ነው፣ መሸፈን ነበረበት። ገንዳው ከቆርቆሮ ከተሠራ ሌላውን ማየት አያስፈልግም፤ ከልባጡ የሚወጣው ዚንክ ለዓሣ መርዝ ነው።

ቀጥሎ ባለቤቱን «ጋሼ፣ እስቲ ፓምፑን አንዴ ያጥፉልኝ» በሏቸው። በሥራቸው የሚተማመኑ ከሆነ ሳያቅማሙ ያጠፉታል። ያን ጊዜ አልጋው ውስጥ የነበረው ውሃ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ታች ያለው ማጠራቀሚያ ያን ሁሉ ተቀብሎ ካልፈሰሰ ሠሪው አስቀድሞ አስልቷል ማለት ነው። መሬቱ ከረጠበ አላሰላም። ከዚህ የሚከፋው ስህተት ግን ውሃው ሲጓዝ ነው የሚመጣው፤ ፓምፑ ዓሣው ገንዳ ወለል ላይ ተቀምጦ አንድ ፊቲንግ ቢላቀቅ ፓምፑ ገንዳውን መጦ ዓሣውን ደረቅ ላይ ያስቀረዋል። ጥሩ ሠሪ ፓምፑን በተለየ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያደርገዋል፤ ቢያቅተው እንኳ ከወለሉ ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ የመጣው ቢመጣ ዓሣው የሚዋኝበት ውሃ እንዲተርፍለት። በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ አጠገቡ ካያችሁ ደግሞ ሰውየው መብራት የሚጠፋበት ሰፈር እንደሚኖር አልረሳም።

የዓሣው ብዛትም እዚሁ ላይ ይመዘናል። ለ1,000 ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ዓሣ የተለመደ መጠን ነው፤ ለጀማሪ የዚያ ግማሽ ይበቃዋል። የተጨናነቀ ገንዳ ሲያዩት ያስደስታል፤ መብራት የጠፋ ቀን ግን መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ነው።

አሁን ወደ ጠጠሩ አልጋ እንምጣ፤ እኔ ብዙ ጊዜዬን የማጠፋው እዚህ ነው። እኛ አገር ለዚህ ሥራ ከሬድ አሽ፣ ማለትም ከቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ የሚሻል ነገር አላውቅም። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ለባክቴሪያ ሰፊ መኖሪያ ይሆናል። ሌላ ጠጠር ከተጠቀሙ አንዱን አንሥታችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነው፣ የውሃውን ፒኤች ወደ ላይ እየገፋ ይኖራል። ከዚያ እጃችሁን ላዩ ላይ አሳርፉ። የላይኛው ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ጠጠር ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥብ ከሆነ አልጌ ያበቅላል፣ ግንዱም ይበሰብሳል።

የአልጋው ልብ ሳይፈኑ ነው። ቀጥ ብሎ በቆመ ቱቦ ላይ አናቱ የተደፈነ ሰፊ ቱቦ ይደፋበታል። ውሃው እስከ ውስጠኛው ቱቦ አፍ ሲሞላ ስበቱ ይጀምርና አልጋውን በአንድ ጊዜ ያጎድለዋል፤ ከሥር አየር ሲገባ ይቋረጥና ሙላቱ እንደገና ይጀምራል። ሥሩ በሙላቱ ይጠጣል፣ በጉድለቱ ይተነፍሳል። በደንብ የተስተካከለ ሳይፈን ሲጀምር ይጀምራል፣ ሲያቆምም ያቆማል፤ ማብቂያው ላይ ሙሉ ጠርሙስ ሲገለበጥ እንደሚሰማው ጉልጉል ብሎ ዝም ይላል። ያልተስተካከለው ድምፅ የለውም፤ የገባውን ያህል እያንጠባጠበ ውሃውን አንድ ቦታ ላይ ያቆየዋል፣ ሥሩም ይታፈናል። ስለዚህ ቡና ቢቀርብላችሁ አልጋው አጠገብ ሆናችሁ ጠጡ፣ ዙሩን ደጋግማችሁ ስሙ። ደግሞም ሽፋኑን በእጅ ማንሣት ይቻል እንደሆነ ሞክሩ። ሥር ገብቶ መድፈኑ አይቀርም፤ ጠጠሩን የሚከለክል ሦስተኛ ቱቦ ዙሪያውን ከሌለው ወይም በማስቲሽ ከተለጠፈ፣ ባለቤቱ አንድ ቀን ጠቅላላ አልጋውን ቆፍሮ ያወጣል።

አንድ ሰላጣ እንዲነቅሉላችሁ ጠይቁ። ጤነኛ ሥር ነጭ ነው፤ ቡናማና የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ኦክስጅን አጥቷል ወይም በሽታ ገብቶበታል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ የብረት እጥረት ነው፤ ይህ በደህና ጓሮም ያጋጥማል፣ ከዓሣ መኖ በቂ ብረት አይገኝምና። ጥግ ላይ የፀረ ተባይ መርጫ ከተሰቀለ ግን ደህና ሁኑ ብሎ መውጣት ነው።

ስለ መኖ ጠይቁ፣ መልሱን በጥሞና አድምጡ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው የአነስተኛ አኳፖኒክስ መመሪያ ለቅጠላ ቅጠል በካሬ ሜትር በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም መኖ ያዛል። ግራሙን የሚያውቅ ሰው ሥራውን ያውቃል። «እፍኝ እበትንላቸዋለሁ» ያለው ገና አልጀመረም። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ደባልቆ በዱቄቱ የሚበትንም አለ፤ ግማሹ ሳይበላ ውሃውን ያደፈርሰዋል።

ማስታወሻ ደብተር ካላቸው ፒኤቹን እዩ። ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ ፒኤች ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ባለቤቱ አልፎ አልፎ እያስተካከለ 7 አካባቢ ያቆየዋል። ምንም ሳይጨምሩበት ዓመቱን ሙሉ 8 ላይ የቆመ ውሃ አያስመካም፤ ወይ ጠጠሩ ኖራ ነው፣ ወይ የጉድጓዱ ውሃ ከባድ ነው፣ ወይ ባክቴሪያው ሥራ አልጀመረም።

አሁን ስለ ጉራ። ቆሮሶ ለሚባለው ዓሣ የሚስማማው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ የሚሆን ውሃ ነው፤ ከ20 በታች የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል። በጥሩ ሙቀት እንኳ ከ50 ግራም ተነሥቶ ግማሽ ኪሎ ለመድረስ ከ6 እስከ 8 ወር ይፈልጋል። እና አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሽፋን በሌለው ጓሮ፣ «በመስከረም ጫጩት ጨምሬ ለሁዳዴ ግማሽ ግማሽ ኪሎ አወጣሁ» የሚል ሰው ኅዳርን፣ ታኅሣሥንና ጥርን የት አድርሷቸው ይሆን? ፕላስቲክ ቤት ሠርቶ ውሃውን ካሞቀ እሺ። ገንዳው ውስጥ ጥቃቅን ዓሣ ከትልልቁ ጋር ተቀላቅሎ ካያችሁም ወንድና ሴቱ ሳይለይ ገብቷል፤ ኃይላቸው ለመራባት ይውላል፣ ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል።

ዓሣው መጠነኛ፣ ሰላጣው ጥቂት፣ ግን ሳይፈኑ የማይሳሳት፣ ውሃው የማይሸት፣ ፓምፑ ሲጠፋ የማያስደነግጥ ጓሮ ካገኛችሁ፣ ሥራውን የሠራውን ሰው ስልክ ተቀበሉ። ስትደውሉለትም መቼ ዓሣ እንደሚያስገባ ጠይቁት። ባክቴሪያው እስኪሰፍር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፣ በቀዝቃዛ ወራት ይብሳል። ዓሣውን ከነሙሉ ቁጥሩ በተከላው ዕለት አመጣለሁ ካላችሁ ቀብድ አትስጡት።