ከጃቫ እስከ ወንጂ፦ ብሔርተኝነት በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

ብሔርተኝነት በቅኝ አገዛዝ ሥር እንዴት እንደሚበቅል ሲጠየቅ የቤኔዲክት አንደርሰን ስም ሳይነሳ አይቀርም። አንደርሰን የኢንዶኔዥያ አጥኚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፉ ብሔርን አባላቱ ሳይተዋወቁ «አንድ ነን» ብለው የሚያስቡት ማኅበረሰብ አድርጎ ያየዋል። ይህን ስሜት ከሚያሰራጩት ኃይሎች ሁለቱን አጉልቶ ያሳያል፦ በአገሬው ቋንቋ የሚታተም ጋዜጣና መጽሐፍ፣ እንዲሁም የተማረው የአገሬው ተወላጅ ከአውራጃ ወደ ዋና ከተማ የሚጓዝበት፣ ግን ከአንድ እርከን በላይ የማይወጣበት የሹመት መሰላል።

ይህን ንድፈ ሐሳብ ከሞጆ በአዳማና በአርሲ አልፎ እስከ ሻሸመኔ ባለው ምድር ላይ መፈተን ሁለት እንቅፋት አለው። የባዕድ አገዛዝ እዚህ የቆየው አምስት ዓመት ብቻ ነው። የሕዝቡ ቋንቋ አፋን ኦሮሞም በንጉሡ ዘመን ከትምህርት ቤት፣ ከፍርድ ቤትና ከጋዜጣ ውጭ ነበር። ሆኖም ዘመናዊው የኦሮሞ ብሔርተኝነት በ1950ዎቹ መድረክ ካገኘባቸው ሥፍራዎች አንዱ ይኸው አካባቢ ነው። ይህ ጽሑፍ ምክንያቱን ከጣልያን ዘመን ይልቅ ከድል በኋላ በተዘረጋው የመሬትና የሥራ ሥርዓት ውስጥ ይፈልጋል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ፋሺስታዊ አስተዳደር የምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱን በስድስት ከፍሎ ወሰኑን በአመዛኙ በብሔረሰብና በሃይማኖት ለመቀየስ ሞክሯል። ዓላማው የሸዋን መኳንንት ከሌላው ሕዝብ መነጠል ነበር። ውጤቱ ግን እንደታሰበው አልሄደም። በሸዋ ጫካ ጣልያንን ዕረፍት ከነሱት የአርበኞች መሪዎች አንዱ ገረሱ ዱኪ ኦሮሞ ነበሩ። ራስ ደስታ ዳምጠውም ከሲዳሞ አንስቶ ሲዋጉ ቆይተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተገደሉ። ወረራው በዚህ አካባቢ ያተረፈው ዘላቂ ነገር ከወሰን ይልቅ ንጽጽር ነው። ጣልያን ለራሱ ጥቅም ሲል በደቡብ የገባርነትን ግዴታ ሽሮ ነበር። ከድል በኋላ ባለመሬቱ ሲመለስ ጭሰኛው ሁለቱን ዘመን የሚያመዛዝንበት ሚዛን በእጁ ነበረው።

የድሉ ማግሥት ደግሞ ያልተጠበቀ እንግዳ አመጣ። በጃቫ ሸንኮራ አገዳ ሲያለማ የኖረው ኤችቪኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ሌላ አገር መፈለግ ግድ ሆነበት። ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎም በ1946 ዓ.ም. በአዳማ አጠገብ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። ቆይቶም የሸዋና የመተሐራ ፋብሪካዎች ተከተሉ። አንደርሰን ያጠናው ብሔርተኝነት ያስወጣው ካፒታል ቅኝ ባልተገዛች አገር ማረፉ የታሪክ ምጸት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ኩባንያው ገንዘብና ማሽን ብቻ አላመጣም፤ ነጩ ኃላፊ፣ አገሬው ጸሐፊና አገዳ ቆራጩ በየደረጃቸው የሚሠሩበትንና የሚኖሩበትን የእርሻ ሥርዓትም ይዞ ነው የመጣው።

የቆቃ ግድብ ታሪክም ከዚህ ጋር ይገጥማል። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ የተሠራው ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። መብራት ሰጠ፤ የአዋሽንም ጎርፍ ገድቦ በታች ያለውን የአገዳ ማሳ ጠበቀ። ነገር ግን የሐይቁ ውኃ ያረፈበት መሬት የገበሬ መሬት ነበር። ወረራው በአገር ላይ ለፈጸመው በደል የተከፈለው ካሳ ለገበሬው ሌላ መፈናቀል ይዞ መጣ። በወንጂ የጂሌ ኦሮሞ፣ በመተሐራ የከረዩ አርብቶ አደር የግጦሽና የእርሻ መሬቱን ለአገዳ ለቀቀ።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ይከፈላል። ያው የአገዳ ማሳ ሁለት ዓይነት አንድነት ወልዷል። ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የመጣው ቆራጭ ከኦሮሞውና ከአማራው ሠራተኛ ጋር በአንድ ካምፕ ኖረ፤ በአማርኛ ተግባባ፤ ማኅበር አቋቋመ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አብርሃም መኮንን የተገኙት ከወንጂ ሠራተኞች መካከል ነው። ይህ አንድነት ብሔረሰብን ተሻግሮ የቆመው በደመወዝ ጥያቄ ላይ ነው። መሬቱን የለቀቀው ጂሌ ወይም ከረዩ ግን የደመወዝ ጥያቄ አልነበረውም። የእርሱ ጥያቄ «ይህ ምድር የማን ነበር?» የሚል ነው። የሠራተኛ ማኅበሩ ለዚህ መልስ የሚሰጥበት ቋንቋ አልነበረውም። ብሔርተኝነት የገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ክፍተቱን ያየው የሜጫና ቱለማ የመረዳጃ ማኅበር ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው ይህ ማኅበር መዋጮ እየሰበሰበ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ ለመሥራት የተነሳ ሕጋዊ ድርጅት ነበር። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ኢተያ በ1958 ዓ.ም. የጠራው ስብሰባ ግን ከመረዳጃነት አለፈ። የአርሲ ገበሬና ባላባት ከሸዋው ጋር ተገናኝቶ ስለ ጭሰኝነትና ስለ ክብሩ በራሱ ቋንቋ ሲነጋገር ተሰማ። የአንደርሰን ጋዜጣ እዚህ የለም፤ በአፋን ኦሮሞ የሚታተመው «በሪሳ» የመጣው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ጋዜጣው ሊሠራ የሚገባውን ሥራ የሠሩት አውቶቡስ፣ የመዋጮ ደረሰኝና የአደባባይ ንግግር ናቸው። ያልተዋወቀውን የሚያስተሳስር ወረቀት ስለሌለ ያልተዋወቀው ራሱ በአካል መገናኘት ነበረበት።

የሹመቱ መሰላል ግን በጄኔራል ታደሰ ብሩ ሕይወት ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት ታደሰ ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ሲወስዱ ከተቀበሏቸው መኮንኖች አንዱ ነበሩ፤ የመሃይምነት ማጥፊያ ዘመቻውንም መርተዋል። ኦሮሞ መሆናቸውን ያላወቀ አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ኦሮሞን ማስተማር እንደማይገባ በምሥጢር ነገራቸው የሚለው ታሪክ ወደ ማኅበሩ ለመግባታቸው ምክንያት ተደርጎ ደጋግሞ ይጠቀሳል። ትረካው የአንድን ሰው መቆጣት ያስረዳል እንጂ በኢተያ የተሰበሰበውን ሕዝብ አያስረዳም። ጄኔራሉ ከመሰላሉ ላይ ሲወርዱ የሚቀበላቸው ሰው አስቀድሞ መሬት ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ማኅበሩ በ1959 ዓ.ም. ታገደ፤ መሪዎቹ ታሠሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ማሞ መዘምር ተገደሉ። ታደሰ ብሩንም የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ በታወጀበት በ1967 ዓ.ም. ደርግ ረሸናቸው። ማኅበሩ ያነሳው የመሬት ጥያቄ ሲመለስ ከመሪዎቹ አንዱ ተገደሉ።

ከዚያ ወዲህ ክርክሩ በሁለት ጎራ ቆሟል። አንዱ ወገን ደቡቡ በኢትዮጵያ መንግሥት ሥር ያለ ቅኝ ግዛት ነበር ይላል። ሌላው ኢትዮጵያ ቅኝ ገዥን ያሸነፈች አገር ናትና ቃሉ አይመለከታትም ይላል። የአዳማ አካባቢ ማስረጃ ለሁለቱም አይመችም። የአገዳው እርሻ አሠራር በቀጥታ ከቅኝ ግዛት የተወረሰ ነው፤ «ቅኝ አልተገዛንም» የሚለው መልስ ይህን ይሸፍናል። በሌላ በኩል ጥያቄውን ያነሱት ሰዎች የዚያው መንግሥት ጄኔራልና ባላባት ነበሩ፤ የተጠቀሙትም የአገሪቱን ሕግ ነው። በደች ጃቫ አንድ ጃቫዊ የቅኝ ገዥው ጦር ጄኔራል ሊሆን አይችልም ነበር። የቅኝ ግዛት ንድፈ ሐሳብ ይህን ልዩነት ሲዘል የራሱን ባለታሪኮች ያሳንሳል።

ሻሸመኔ ነገሩን ከሌላ ወገን ታሳያለች። ንጉሠ ነገሥቱ በወረራው ጊዜ ለኢትዮጵያ ለተሟገቱ የምዕራቡ ዓለም ጥቁሮች 5 ጋሻ መሬት ሰጡ፤ ከጃማይካ የመጡ ራስ ተፈሪያንም ሠፈሩበት። በቅኝ አገዛዝ ሥር ያደገ የጥቁር ሕዝብ ብሔርተኝነት ነፃ ምድር ብሎ ያረፈበት መሬት፣ በዙሪያው ያለው የአርሲ ጭሰኛ የእኔ የማይለው መሬት ነበር። ሁለቱም ስለ ነፃነት ሲያስቡ የሚያዩት አንድ ዙፋን ነው፤ አንዱ ተስፋውን፣ ሌላው ሸክሙን ያይበታል።

እንግዲህ በዚህ አካባቢ የብሔርተኝነትን መነሻ የሚፈልግ አጥኚ የገዥውን ማንነት ብቻ ቢጠይቅ መልሱ ጎደሎ ይሆናል። ምድሩን ማን ለቀቀ፣ በማን ስም ለቀቀ፣ ሲለቅም በምን ቋንቋ አቤት ሊል ቻለ ብሎ መጠየቅም ይኖርበታል። የቅኝ አገዛዝ ቅርጹ ከባንዲራው ተነጥሎ ሊዘዋወር እንደሚችል የወንጂ ታሪክ ያስረዳል። ነፃነቷን ያስከበረች አገርም የኩባንያውን ውል በፈረመች ጊዜ፣ ከውሉ ጋር የሚመጣውን ጥያቄ አብራ ተቀብላለች።