የሕንፃ መረጃ ሞዴል ትምህርት፤ መሣሪያውን ማወቅና ሥራውን ማወቅ

መግቢያ

የሕንፃ ንድፍና የግንባታ ሥራ ትምህርት በሚሰጥባቸው ዩኒቨርሲቲዎቻችን በአሁኑ ጊዜ ከሚነሡት ጉዳዮች አንዱ የሕንፃ መረጃ ሞዴል፣ በባለሙያዎች አጠራር «ቢም»፣ የተባለው አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮንስትራክሽን ፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት አሠራሩ በአገሪቱ የሚስፋፋበትን ፍኖተ ካርታ እስከማዘጋጀት ደርሶ ነበር። ስለዚህ ቢም ወደ ትምህርት ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ጥያቄ ብዙም አከራካሪ አይደለም። ሊያከራክር የሚገባው፣ ነገር ግን በቂ ውይይት ያልተደረገበት፣ ምን ተብሎ ይግባ የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ መሐንዲስ ሳይሆን የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ ነው። በመሆኑም ትችቱ በሙያው በተለመዱት ጥያቄዎች ይወሰናል፤ እነርሱም የትምህርቱ ዓላማ ምንድን ነው፣ ይዘቱ እንዴት ተደራጅቷል፣ በምን ዘዴ ይሰጣል፣ በምንስ ይመዘናል የሚሉት ናቸው። ለማሳያነት የተመረጠው የሰሜን ወሎ አካባቢ፣ በተለይም ወልድያ፣ መርሳና የሀብሩ ወረዳ ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አልተደረገም። ወልድያ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው በመርሳም ግቢ አለው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አካባቢው በጦርነቱ ውስጥ በቆየበት ጊዜ ደግሞ ትምህርት ቤቶች፣ የጤና ተቋሞችና ዩኒቨርሲቲው ጭምር ጉዳት ደርሶባቸዋል። እንዲህ ባለ ስፍራ ስለ ሕንፃ መረጃ ማስተማር የቅንጦት ጉዳይ ሊሆን አይችልም።

1. የነገሩ ምንነት

በቅድሚያ የስሙ ነገር ግልጽ ይሁን። በግንባታ ቦታ «ቢም» ሲባል ግንበኛውም ሆነ ፎርማኑ የሚረዳው በአምዶች ላይ የሚያርፈውን አግዳሚ ተሸካሚ ነው። እዚህ የምንነጋገርበት ቢም ግን የሕንፃው አካል ሳይሆን ስለ ሕንፃው የሚታወቀው ሁሉ በአንድነት የሚያዝበት ሥርዓት ነው።

በተለመደው ሥዕል ግድግዳ ማለት ሁለት ትይዩ መስመር ነው። መስመሩ ግድግዳ መሆኑን የሚያውቀው አንባቢው እንጂ ሥዕሉ አይደለም። በቢም አሠራር ግን ግድግዳው ርዝመቱ፣ ከፍታው፣ ውፍረቱ፣ የተሠራበት ቁስና የያዘው በር ተመዝግቦለት ይቀመጣል። ፕላኑ፣ የፊት ገጽታውና የሥራ መጠን ዝርዝሩ ሁሉ ከዚሁ ከአንዱ መዝገብ የሚወጡ ናቸው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ቻርልስ ኢስትማን ሕንፃን በሥዕል ፋንታ በኮምፒዩተር በተያዘ መግለጫ መንደፍ እንደሚቻል የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው።

ጥቅሙን በአንድ የመማሪያ ክፍል ግድግዳ እንመልከት። ግድግዳው 8 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ከፍታ አለው እንበል። 0.9 በ2.1 ሜትር የሆነ አንድ በርና እያንዳንዳቸው 1.5 በ1.2 ሜትር የሆኑ ሁለት መስኮቶች ይዟል። ክፍተቶቹ ሲቀነሱ የሚገነባው 18.51 ካሬ ሜትር ይሆናል። 40 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነው ብሎኬት ለአንድ ካሬ ሜትር 12.5 ስለሚገባ፣ ብክነት ሳይታሰብ 231 ያህል ብሎኬት ያስፈልጋል። አሁን አርክቴክቱ ክፍሉ ብርሃን አነሰው ብሎ የመስኮቶቹን ስፋት ወደ 2 ሜትር ቢያሳድግ ብሎኬቱ ወደ 216 ይወርዳል። የ15 ብሎኬት ልዩነት ቀላል ነው። ቀላል ያልሆነው ፕላኑ፣ የፊት ገጽታው፣ የመስኮት ሠንጠረዡ፣ የመጠን ስሌቱና ከመስኮቱ በላይ የሚውለው ሊንቴል በአንድነት መለወጥ ያለባቸው መሆኑ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሳይለወጥ ከቀረ መስኮቱ በብረታ ብረት ቤት በአንድ ልክ ይሠራል፣ ግንበኛውም በሌላ ልክ ክፍተት ይተዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማፍረስና ማን ይክፈል የሚል ክርክር ነው።

ከዚህ ምሳሌ እንደሚታየው የችግሩ ሥር የሥዕል ችሎታ ማነስ አይደለም፤ ለውጡን ማን ለማን፣ መቼና በምን መልክ ያሳውቅ የሚለው ስምምነት አለመኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች የወጡለት አይ.ኤስ.ኦ. 19650 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም የሚለው ይህንኑ ነው። ደረጃው የትኛውንም የኮምፒዩተር ፕሮግራም አያዝም። የሚደነግገው አሠሪው የሚፈልገውን መረጃ አስቀድሞ እንዲገልጽ፣ እያንዳንዱ ባለሙያ የሚያቀርበውና የሚያቀርብበት ጊዜ እንዲታወቅ፣ ሰነዱም ገና በሥራ ላይ ያለ፣ ለሌሎች የተጋራ፣ ጸድቆ የወጣ፣ ወይም በመዝገብ ቤት የተቀመጠ መሆኑ ተለይቶ እንዲታይ ነው። ብሪታንያም እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ በማዕከላዊ መንግሥቷ ሥራዎች ላይ አሠራሩን ግዴታ ስታደርግ ከሥራ ተቋራጮቿ የጠየቀችው በአንድነት የተያዘ መረጃ ነው።

2. የአሰጣጡ ጉድለቶች

ከዚህ አንጻር ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጥበት መንገድ ሲመረመር ሦስት ጉድለቶች ጎልተው ይታያሉ።

አንደኛው የዓላማ ጉድለት ነው። የኮርሱ ዓላማ «ተማሪው በእገሌ ፕሮግራም ሞዴል መሥራት ይችላል» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ከሆነ ትምህርቱ ስለ ትእዛዞችና ስለ ቁልፎች ይሆናል። ፕሮግራም ግን ይለወጣል፤ ባለቤቱም ይለወጣል። ሬቪት እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ ቀርቦ በ2002 ወደ አውቶዴስክ ኩባንያ ተዛውሯል። በሃንጋሪ የተሠራው አርኪካድ ደግሞ ከ1984 ጀምሮ ያለ ነው። ተማሪው ትምህርቱን እስኪጨርስ የተማረበት እትም በሌላ ይተካል። በአንጻሩ «የመስኮት ልክ ሲለወጥ ይህ ለውጥ የሚነካቸውን ሰነዶች ለይቶ ለሚመለከታቸው ያሳውቃል» ተብሎ የተጻፈ ዓላማ በየትኛውም ፕሮግራም፣ አስፈላጊ ከሆነም በወረቀት፣ ይሠራል።

እዚህ ላይ ቀጣሪዎች በሥራ ማስታወቂያቸው የሚጠይቁት የፕሮግራም ችሎታ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ተመራቂውን ያለ መሣሪያ ወደ ሥራ ገበያ መስደድ አይገባም። ሆኖም በመሣሪያው ብቻ የተቀጠረ ሰው የሥዕል ቤት ሠራተኛ ሆኖ እንዲቀር እንፈልግ እንደሆነ ዩኒቨርሲቲው ራሱን መጠየቅ አለበት።

ሁለተኛው የአደረጃጀት ጉድለት ነው። ቢም የብዙ ሙያዎች መገናኛ ሆኖ ሳለ ለአንድ የትምህርት ክፍል፣ በአንድ ሴሚስተር፣ ለየግል ተማሪ ይሰጣል። እያንዳንዱ ተማሪ ብቻውን አንድ ቪላ ሠርቶ ያስረክባል። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ የአርክቴክቸሩን ሞዴል አይቀበልም፤ የኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ተማሪም የሥራ መጠኑን ከባልንጀራው ሞዴል አያወጣም። ስለዚህ አለመግባባት አይፈጠርም፤ አለመግባባት ካልተፈጠረ ደግሞ ትምህርቱ ራሱ የለም ማለት ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘውን የወልድያ ስታዲዮም ያየ ተማሪ የኮንክሪቱ፣ የብረት ጣሪያው፣ የመብራቱና የፍሳሹ ባለሙያዎች ሳይስማሙ እንዲህ ያለ ሥራ እንደማይቆም ለመረዳት አይቸገርም። የክፍል ውስጥ ሥራው ግን ይህን አያሳየውም።

ሦስተኛው የምዘና ጉድለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ፈተናው በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥና ግለሰብን የሚመዝን ነው። መምህር የሚያስተምረው፣ ተማሪም የሚያጠናው የሚመዘነውን እንደሆነ የታወቀ ነው። መረጃን የመቀባበል ብቃት በምርጫ ጥያቄ አይለካም። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚሰጠው ተከታታይ ምዘና ይህን ክፍተት ካልሸፈነ ቢም በኮርስ ዝርዝር ላይ ስሙ ቢሰፍርም በተማሪው ዕውቀት ውስጥ ቦታ አይኖረውም።

3. ስለ መሣሪያ እጥረትና ስለ መምህሩ

ለእነዚህ ጉድለቶች ዘወትር የሚሰጠው ምክንያት የመሣሪያ እጥረት ነው። ኮምፒዩተሩ ጥቂት ነው፣ መብራት ይቋረጣል፣ ፕሮግራሙ ውድ ነው ይባላል። በጦርነት ጉዳት ለደረሰበት ተቋም ይህ ከባድ እውነት ነው፤ አቃልሎ ማየትም አይገባም። ሆኖም ኩባንያዎቹ ለትምህርት የሚሰጡት ነጻ ፈቃድ አለ፤ እንደ ፍሪካድ ያሉ ያለ ክፍያ የሚገኙ ፕሮግራሞችም አሉ። አይ.ኤፍ.ሲ. የተባለው ክፍት የፋይል ዓይነት ደግሞ በአንዱ ፕሮግራም የተሠራው በሌላው እንዲነበብ ያስችላል። ተማሪን ለአንድ ኩባንያ ዕቃ ብቻ ማሠልጠን ግዴታ የሆነበት ዘመን አልፏል።

ከመሣሪያው ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው መምህሩ ነው። በዚህ ረገድ የራሳችን ትምህርት አለን። እ.ኤ.አ. በ2004 የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው፣ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ዓላማው መልካም ነበር። በኋላ የተሰነዘረበት ዋና ትችት ግን ሥርጭቱ ተማሪውን ሳይጠብቅ ይሮጣል፣ መምህሩንም የመሣሪያው ከፋችና ዘጊ ያደርገዋል የሚል ነበር። መሣሪያ ከመምህሩ ዝግጅት ቀድሞ ሲገባ የሚሆነው ይህ ነው። ቢምም በውጭ አገር በተቀረጹ ቪዲዮዎች ብቻ ከተሰጠ ከዚያ የተለየ ዕድል አይገጥመውም።

ሌላም ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ የተከፈተው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ማስተማርን፣ የግንባታ ዕቃ ምርመራንና ምርምርን በአንድ ጣሪያ ሥር አገናኝቶ የሠራ ተቋም ነበር። መሠረቱ ተማሪውና መምህሩ በእጃቸው በሚይዙትና በሚመረምሩት ቁስ ላይ መሥራታቸው ነበር። ለቢምም የሚስማማው ይኸው መንገድ ነው፤ ሞዴሉ ሊረጋገጥ የሚችለው ሄደው በሚለኩት ሕንፃ ነው።

4. የሚቀርብ ሐሳብ

ከዚህ በመነሣት ለውይይት የሚቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፤ ቢም ራሱን የቻለ የአንድ ሴሚስተር ኮርስ መሆኑ ቀርቶ ከመጀመሪያው ሙያዊ ዓመት እስከ ምረቃ በአንድ እውነተኛ ሕንፃ ላይ የሚካሄድ ተከታታይ ሥራ ይሁን። ሕንፃውም ተማሪዎቹ ከዩኒቨርሲቲያቸው ደርሰው የሚመለሱበት፣ ለምሳሌ በመርሳ ወይም በሀብሩ የገጠር ቀበሌ ያለ አንድ ብሎክ የመማሪያ ክፍል ቢሆን ይመረጣል። መርሳ ከወልድያ በስተ ደቡብ በደሴ መንገድ ላይ ስለምትገኝ ደርሶ መልሱ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ተማሪዎች ሕንፃውን በሜትር ለክተው በእጅ ይሥሉታል፤ ለእያንዳንዱ በር፣ መስኮትና ክፍል መለያ ቁጥር ይሰጣሉ። ለዚህ ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ ነገር ግን የመረጃ ሥርዓት ትምህርት የሚጀመረው እዚህ ነው። በቀጣዩ ዓመት የለኩትን ወደ ሞዴል አስገብተው የሥራ መጠኑን ያወጣሉ፤ ያንኑ በተለመደው የመጠን ስሌት ቅጽ በእጃቸው ሠርተው ሁለቱን ያነጻጽራሉ። ልዩነት ሲገኝ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ማስረዳት የፈተናው አካል ይሆናል። ከዚያ በኋላ የአርክቴክቸር፣ የሲቪልና የኮንስትራክሽን ተማሪዎች በአንድ ቡድን ገብተው የጥገና ወይም የማስፋፊያ ንድፍ ይሠራሉ። መምህሩም በሥራው መካከል ሆን ብሎ ለውጥ ያዛል፤ የሚመዘነውም ለውጡ ከማን ወደ ማን፣ በስንት ቀን፣ በየትኛው ሰነድ እንደደረሰ ነው። ይህ ምዘና ለቡድኑም ለግለሰቡም ነጥብ የሚሰጥ መሆን ይኖርበታል።

የመጨረሻው ደረጃ ርክክብ ነው። በዚህ ላይ የቋንቋ ነገር ሊታሰብ ይገባል። በዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ፎርማኑ፣ ግንበኛውና ርእሰ መምህሩ ግን የሚነጋገሩት በአማርኛ ነው። ተማሪው ከሞዴሉ አውጥቶ ለርእሰ መምህሩ የሚያስረክበው አጭር መዝገብ በአማርኛ የተጻፈ፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ ብዛትና ዓይነት፣ የመስኮቶቹን ልክ፣ የመስተዋቱን መጠን፣ የመሠረቱንና የአፈሩን ሁኔታ፣ የታየውንም ስንጥቅ የሚያመለክት ቢሆን ትምህርቱ ለሕዝብ የዋለ ይሆናል። ባለሙያ ባልሆነ ሰው ዘንድ የማይነበብ መረጃ ሥራውን ጨርሷል ማለት አይቻልም።

ማጠቃለያ

ጉዳት የደረሰበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የጥገና በጀት ሲጠይቅ በመጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ምን ያህል?» የሚል ነው። የሕንፃው መዝገብ ካለ መልሱ በአንድ ቀን ይደርሳል። ከሌለ ባለሙያ እስኪላክ፣ ተለክቶ እስኪገመት ድረስ ልጆች ክረምቱን ጣሪያው በሚያፈስ ክፍል ሊያሳልፉ ይችላሉ። ስለዚህ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች በቅድሚያ የኮርሱን ዓላማ ከፕሮግራም ስም ያላቅቁ፤ የትምህርት ክፍሎች የጋራ የቡድን ሥራ የሚሠሩበትን ሰዓት በፕሮግራማቸው ይያዙ፤ መምህራንም ከመሣሪያው ግዢ አስቀድመው ይሠልጥኑ። ሚኒስቴሩ የዩኒቨርሲቲዎችን ብቃት ሲገመግምም ስንት ኮምፒዩተር አላችሁ ከሚለው ጥያቄ ጎን፣ ተማሪዎቻችሁ ስንት ሕንፃ ለክተው ለባለቤቱ አስረከቡ የሚለውን ቢጨምር ትምህርቱ ወደ ትክክለኛ አቅጣጫው ይመለሳል።