የፈረሰ ቤት ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

ስለ አንኮበር ቤተ መንግሥት የተጻፉትን መጻሕፍት ስናነብ

የአንድ ቤት ታሪክ የግድግዳውና የጣራው ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ ማንም አይስተውም። ይሁን እንጂ ስለ ታላላቅ ቤቶች የተጻፈውን ገልጠን ስንመረምር፣ አንዱ ጸሐፊ ግድግዳውን ብቻ አይቶ ሲመለስ፣ ሌላው ደግሞ ጌታውን ብቻ አጅቦ ሲያልፍ እናገኛለን። ለዚህ ነገር ከአንኮበር ቤተ መንግሥት የበለጠ ምስክር የሚገኝ አይመስለንም። እኛ በደብረ ሲና ተቀምጠን ስለዚህ ቤት የተጻፈውን ስናነብ ከቆየን በኋላ፣ ባለፈው በጋ በጣርማ በር ዋሻ ወጥተን፣ በደብረ ብርሃን በኩል ዞረን ኮረብታውን በዐይናችን አየነው። መጻሕፍቱ የነገሩንንና የዘለሉትን ለይተን ለአንባቢ ለማቅረብ ያሰብነው ከዚያ በኋላ ነው።

አንኮበር በመርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ ዘመን የሸዋ ገዥዎች መቀመጫ ሆነች። ከእርሳቸው በኋላ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሣህለ ሥላሴ፣ ኀይለ መለኮትና ምኒልክ፣ ልጅ አባቱን እየተካ፣ ሥልጣኑን ወረሱ። ምኒልክ መቀመጫቸውን ወደ ልቼ፣ ቀጥሎም ወደ እንጦጦ፣ በመጨረሻም ወደ አዲስ አበባ ሲያዛውሩ የአንኮበር የመናገሻነት ክብር ቀረ። እንግዲህ ይህ ቤት የስድስት ትውልድ የአባት ቤት ነው ማለት ነው።

ስለ ቤቱ ከጻፉት የውጭ ሰዎች ስሙ በብዙ የሚነሣው እንግሊዛዊው ሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ ነው። በ1833 ዓ.ም. ክረምት ጠመንጃና ትንንሽ መድፍ በገጸ በረከት አስጭኖ ሸዋ ገባ፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የንግድና የወዳጅነት ውል ተዋዋሉ። ሐሪስ ያየውን በሦስት ጥራዝ ጽፎ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1844 ለንደን ላይ አሳተመ። ቃሉ የተጋነነ፣ ዐረፍተ ነገሩም ጌጥ የበዛበት ነው። ቤተ መንግሥቱን ሲያይ መልኩ ያላማረ ሕንጻና ኮረብታውን እየተጠማዘዘ የሚዞር የእንጨት አጥር ታየው። ያየው ሐሰት አይደለም፤ የለካበት ሚዛን ግን የድንጋይ ቤት ሚዛን ነበር።

የድንጋይ ቤት አንድ ጊዜ ከተሠራ ሠሪው ቢሞትም ይቆማል። የእንጨትና የሣር ቤት ግን እንዲህ አይደለም፤ ክዳኑ በየጥቂት ዓመቱ ካልታደሰ ክረምቱ ይገባል፤ አጥሩም ካልተተካ ይበሰብሳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት በየዓመቱ እንደገና የሚሠራ ቤት ነው። ሣሩን የሚያጭድ፣ ጥዱን ከዱር የሚጎትት፣ ጭቃውን የሚያቦካ ባላገር ሲኖር ቤቱ ይኖራል፤ ትእዛዙ የቀረ ዕለት ቤቱም መሞት ይጀምራል። ሐሪስ መልኩን ነቅፎ አለፈ እንጂ መልኩ የስንት ሰው ትከሻ እንደ ሆነ አልመረመረም።

ነገር ግን ነቃፊ ሁሉ ፍርድ ማጓደል አይገባውም። ከሐሪስ ጋር የመጣው ሠዓሊ ማርቲን በርናትዝ የሸዋን መልክ በሥዕል ባያስቀርልን ኖሮ ዛሬ የምናየው ባነሰ ነበር። ከዚህም በቀር ሐሪስ በጎንቾ እስር ቤት ስለ ነበሩት የንጉሡ ዘመዶችና ስለ መፈታታቸው ጽፎልናል። የነዚህ ሰዎች ወንጀላቸው ከዚያው ቤት መወለዳቸው ብቻ ነበር። የአባት ቤት ለአንዱ አልጋ፣ ለወንድሙ ሰንሰለት እንደሚሆን ካልተጻፈ የቤቱ ታሪክ ግማሽ ነው።

ከእኛ ወገን የጻፉትን ስንመለከት ደግሞ፣ የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ «ታሪክ ዘመን ዘዳግማዊ ምኒልክ» ከሁሉ ይቀድማል። በ1959 ዓ.ም. በአማርኛ የታተመው ይህ መጽሐፍ የአገሩን ሥርዓትና ማዕርግ በሚያውቅ ሰው ስለ ተጻፈ የሐሪስ ንቀት የለበትም። ነገር ግን የዜና መዋዕል ጸሐፊ ዐይኑ ከንጉሡ ጋር ይጓዛል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ይዘው ወጣቱን ምኒልክን ወደ መቅደላ በወሰዱ ጊዜ ታሪኩም አብሮ መቅደላ ይወጣል፤ በ1857 ዓ.ም. ሲመለሱም አብሮ ይመለሳል። በነዚያ ዓመታት የአንኮበርን ቤት ማን ከደነው? ማን ጠበቀው? ብሎ መጠየቅ የዜና መዋዕል ጸሐፊ ሥራ አይደለም። የእኛ ሥራ ግን ነው።

እዚህ ላይ የኢጣልያን ነገር ብናነሣ ከጉዳያችን አንወጣም። ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ በተባለው ስፍራ፣ የፔሩጂያ መኳንንት ልጅ የሆነው ማርኬዝ ኦራትዮ አንቲኖሪ በምኒልክ ፈቃድ የጥናት ሰፈር አቋቁሞ፣ በነሐሴ 1874 ዓ.ም. እዚያው ሞተ። የሸዋን አዕዋፍ ሰብስቦ ወደ ጄኖቫ ልኮ ነበርና በስም በስማቸው ተዘርዝረው በመጽሐፍ ታተሙ። በአገሩ የመኳንንት ቤት ታሪክ የሚጻፈው በደብዳቤና በሒሳብ መዝገብ ነው። የሜዲቺ ቤተ ሰብ በፖጆ አ ካያኖ ያሠራው የገጠር ቤት ንድፍ የጁልያኖ ዳ ሳንጋሎ መሆኑ ይታወቃል። የሜዲቺ መስፍንነት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1737 ሲያበቃ ቤቱ ቀርቶ ዛሬም ይጎበኛል። በእኛ ዘንድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ቤቱ ቀድሞ ፈረሰ፣ የሣህለ ሥላሴ ዘር ግን በሴት በኩል በዐፄ ኀይለ ሥላሴ እስከ 1967 ዓ.ም. ዙፋን ላይ ቆየ።

ኮረብታው ላይ ስንወጣ ያገኘነው የግንብ ፍራሽና በቅርብ ዘመን ለእንግዳ ማረፊያ የተሠራውን ቤት ነው። አብሮን የወጣ አንድ ተማሪ «ቤተ መንግሥቱ የታለ?» ብሎ ጠየቀ፤ እኛም ፍራሹን ከማሳየት በቀር የምንመልሰው አጣን። ወደ ደብረ ሲና ስንመለስ ግን አንዲት ባልቴት፣ ያየነውን በነገርናቸው ጊዜ፣ «የአያቴ አባት ለዚያ ቤት ወጋግራ ተሸክሟል፤ ትከሻው ላይ ምልክቱ እስኪሞት አልጠፋም ይሉ ነበር» አሉን። በሦስቱ የሐሪስ ጥራዞች ውስጥ ይህን የመሰለ ቃል አላነበብንም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሀን ከጥሩ» ይባላል። የአንኮበር ቤት ሥሩ ንጉሡ ብቻ አይደሉም፤ አጋፋሪው፣ በጅሮንዱ፣ ወጥ ቤቷ፣ በባርነት ውሀ የምትቀዳዋ፣ ሣር አጫጁም ጭምር ናቸው። እነርሱ ያኖሩልን የሒሳብ መዝገብ የለም፤ መዝገባቸው በልጅ ልጆቻቸው አፍ ያለው ቃል ነው፤ ይህም መዝገብ በየቀብሩ አንድ ገጽ ይቀደድበታል። ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ኮረብታው ከመውሰዳቸው አስቀድመው ወደ የአያቶቻቸው ምድጃ ቢልኳቸውና የሰሙትን ቢያስጽፏቸው፣ ከሐሪስም ከዜና መዋዕሉም ያጣነው ታሪክ ይጀመራል። የፈረሰውን ግድግዳ መልሶ ማቆም ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይህ ግን ከወረቀትና ከጆሮ በቀር የሚጠይቀው የለም።