የሰፈር ትዝታ እንደ ምስክር፤ ስለ አዲስ አበባ የልጅነት ጽሑፎች አጭር ሒስ

አዲስ አበባ ያሳደገቻቸው ጸሐፊዎች ስለ ልጅነት ሰፈራቸው የሚጽፉት ትዝታ ዛሬ ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዓይነት ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጋዜጣና በመጽሔት፣ በራዲዮ ትረካና በግለ ታሪክ መጽሐፍ እናገኘዋለን። ይህ አጭር ሐተታ የሚመረምረው አንድን ደራሲ ለይቶ ሳይሆን የጽሑፉን ዓይነት ነው። ጥያቄውም «የሰፈር ትዝታ ከናፍቆት ሌላ ምን ይነግረናል?» የሚል ነው። ጥያቄው የሥነ ጽሑፍ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ ሰፈሮች፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ሥራ ፈርሰዋል። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ዋናው ማስረጃ የነዋሪዎቹ ቃል ነውና፣ ያ ቃል እንዴት እንደ ተጻፈ መመርመር ይገባል።

የእነዚህ ጽሑፎች መልክ እጅግ ተመሳሳይ ከመሆኑ የተነሣ፣ ሁለት ሦስቱን ያነበበ ሰው አራተኛውን አስቀድሞ ያውቀዋል። የጨርቅ ኳስ፣ ብይና ሰኞ ማክሰኞ አሉ፤ በቡሄ ሆያ ሆዬ አለ፤ ያገኙትን ልጅ ሁሉ የሚያበሉ አንዲት እማማ አሉ፤ የማንንም ልጅ ለመቅጣት ሥልጣን ያላቸው አንድ ጋሼ አሉ። በመጨረሻም «ያ ሁሉ ፍቅር የት ሄደ?» ተብሎ ይደመደማል። ይህ ሁሉ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። የጽሑፎቹ ጉድለት ፍቅሩን መተረካቸው ሳይሆን ያለ ምክንያት መተረካቸው ነው። ሰዎቹ ደጎች ስለ ነበሩ ይረዳዱ ነበር ይባላል እንጂ፣ እንዲረዳዱ ያስገደዳቸው ኑሮ ምን እንደ ነበር አይነገርም።

ለምሳሌ ያህል ብዙ ጊዜ የሚደነቀውን የአንድ ግቢ ኑሮ እንውሰድ። አምስት ስድስት ቤተ ሰብ በአንድ አጥር ውስጥ ይኖራል፤ የአንዱ ቡና ለሁሉ ይፈላል፤ የአንዱ ልጅ በሌላው ቤት ያድራል። ነገር ግን ያው ግቢ ለዚያ ሁሉ ሰው አንድ መጸዳጃ ቤት ብቻ እንደ ነበረው፣ ውኃውም ከቦኖ በወረፋ ይቀዳ እንደ ነበር፣ በጭቃው ግድግዳ በኩል የጎረቤት ሳል ሳይቀር ይሰማ እንደ ነበር የሚጽፈው ጥቂት ነው። ጎረቤት የጎረቤቱን ችግር የሚያውቀው ደግ ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ላለማወቅ የሚያስችል ግድግዳ ስላልነበረው ጭምር ነው።

ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨመረ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ከወጣ በኋላ፣ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ አስተዳደር ሥር ገቡ። ኪራዩም ዝቅ እንዳለ ለብዙ ዓመታት ስለ ቆየ ተከራዩ ቤቱን መልቀቅ አይፈልግም፤ ቤቱ የግሉ ስላልሆነም ገንዘቡን አውጥቶ በሚገባ ለማደስ አይደፍርም። በአንድ ጠባብ ቤት ሦስት ትውልድ አብሮ የኖረው፣ ጎረቤትም ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ሳይለዋወጥ የቆየው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው «ጎረቤታችን ዘመዳችን ነበር» በሚልበት ጊዜ የሚናገረው ስለ ፍቅር ብቻ ሳይሆን፣ ሳያውቀው ስለ ኪራይ ሕግም ነው።

«ሀብታምና ድሃ ሳይለያይ አብሮ ይኖር ነበር» የሚለውም አነጋገር እንዲሁ መመርመር አለበት። ሰፈር የሚለው ቃል «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን የጦር ማረፊያን ያመለክታል። አዲስ አበባ መቶኛ ዓመቷን ስታከብር በ1979 ዓ.ም. በተደረገው ጉባኤ፣ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የጥንቶቹን ሰፈሮች አመሠራረት የሚመለከት ጥናት አቅርበው ነበር። ደጃች ውቤ ሰፈርና ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች እንደሚመሰክሩት፣ ሰፈሮቹ የተቆረቆሩት በመኳንንት ግቢና በቤተ መንግሥት ሥራ ዙሪያ ነው። መኰንኑ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ግቢውን ሲሠራ፣ አሽከሩና ወታደሩ በዙሪያው ጎጆውን ይቀልስ ነበር። እንግዲህ የድሃው ቤት ከሀብታሙ ቤት አጠገብ መገኘቱ መጀመሪያ የእኩልነት ሳይሆን የጥገኝነት ምልክት ነው። ካዛንቺስም ቢሆን ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ያሠራ ከነበረው የጣሊያን ድርጅት ነው። ይህን መናገር የሰፈሩን ፍቅር ማርከስ አይደለም። በጥገኝነት ወይም በወረራ የተጀመረውን መንደር ነዋሪው ቀስ በቀስ የራሱ ማድረጉ ከሁሉ ይልቅ ሊተረክ የሚገባው ታሪክ ነው፤ ትዝታው ግን ይህን ሳይነካው ያልፋል።

ሁለተኛው ጉድለት የተራኪው ማንነት ነው። በአብዛኛው የሚናገረው ወንድ ልጅ ነው። «የሰፈር ልጅ»፣ «የአራዳ ልጅ» የሚለው አጠራር የክብር ስም ሆኗል፤ ነገር ግን በዚህ ስም የምትጠራ ሴት ልጅ በትዝታ ጽሑፍ ውስጥ እምብዛም አትገኝም። ልጆቹ ሜዳ ላይ ኳስ ሲመቱ ውኃውን ማን ይቀዳ ነበር? ሁሉን ያበሉ የነበሩት እማማስ እንጀራውን በምን ገንዘብ ይጋግሩ ነበር? ጠላ ይሸጡ ነበር? ጉልት ይቸረችሩ ነበር? በልጁ ዓይን ምግቡ ከደግነት ይመጣል፤ ጸሐፊው ካደገ በኋላም ይህን የልጅ ዓይን ሳያርም ይጽፋል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ለማሳየት የስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን «ሌቱም አይነጋልኝ» ማስታወስ ይበቃል። በሳንሱር ምክንያት ለብዙ ዓመታት ሳይታተም በእጅ ጽሑፍ ሲዞር የኖረው ይህ ልብ ወለድ የውቤ በረሃን ሌሊት ይተርካል። ውቤ በረሃ በሌሎች አንደበት የወጣትነትና የጭፈራ ናፍቆት ሆኖ ሲነሣ፣ በስብሐት መጽሐፍ ግን በዚያ ሌሊት ሠርተው የሚያድሩት ሴቶች ከነኑሯቸውና ከነአነጋገራቸው ይታያሉ። መጽሐፉ ስለ ቃላቱ ግልጥነት ብዙ ተወቅሷል። ወቀሳው እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ሰፈር በማን ድካም ይኖር እንደ ነበር በማሳየት ረገድ ከብዙ ጨዋ ትዝታዎች የበለጠ ይነግረናል።

ሦስተኛውና ምናልባትም ዋናው ጉድለት የሰፈሩን ማኅበራዊ ሥርዓት እንደ ስሜት መቍጠር ነው። እድር ለምሳሌ እንዲሁ መተዛዘን ብቻ አይደለም። ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ የአባላት መዝገብ፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ ቀብር ላይ በቀረ ሰው ላይ የሚጣል ቅጣት፣ በጋራ ገንዘብ የተገዛ ድንኳንና ወንበር አለው። እቁቡም እንዲሁ ያለ ወለድ የሚገኝ ብድር ነው። የባለ ሱቁ የዱቤ ደብተር የተመሠረተው ልጁን ከነእናቱ በማወቅ ላይ ነው። አንድ ቤተ ሰብ ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳርቻ በሚዛወርበት ጊዜ በምትኩ ቤት ሊሰጠው ይችላል፤ ነገር ግን የማያውቀው ባለ ሱቅ ዱቤ አይሰጠውም፤ በእግር ይሄድበት የነበረው ሥራም የትራንስፖርት ገንዘብ ይጠይቀዋል።

ነገሩ ከብዕር ጨዋታ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። ትዝታው የሚናገረው ስለ ፍቅር ብቻ ከሆነ፣ የከተማው ፕላን አውጪ መልሱ ቀላል ነው፤ «ፍቅራችሁን ይዛችሁ ወደ አዲሱ ቤት ሂዱ» ይላል። ጭቃው፣ ጥበቱና መጸዳጃው በትዝታው ውስጥ ስላልተጻፉም እርሱ ብቻውን ያነሣቸዋል፤ እውነትም ከእርሱ ወገን ትመስላለች። ሁለቱንም የጻፈ ምስክር ግን በቀላሉ አይታለፍም። «ቤታችን ክፉ ነበር፤ በዚያ ክፉ ቤት ዙሪያ ግን ሥራችን፣ ብድራችንና ቀብራችን ነበር» ለሚል ሰው የሚሰጠው መልስ ከቤት ቍልፍ የበለጠ መሆን አለበት።

ትዝታ ጥናት አይደለም፤ ከጸሐፊው ልብ የወጣውን በቍጥር መመርመር አይገባም የሚሉ ይኖራሉ። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው። ይሁን እንጂ ዝርዝር ነገር ስሜትን አይገድልም። የኪራዩ መጠን፣ የቦኖው ወረፋ፣ የእድሩ ቅጣት የተጻፈበት ትዝታ እማማን ከምስል ወደ ሰውነት ይመልሳቸዋል፤ ደግነታቸውም ከምን ላይ ቀንሰው እንደ ሰጡ በምናውቅበት ጊዜ ይበልጣል።

ከዚህ በኋላ ሥራው የእኛም የተማሪዎች ነው። እያንዳንዳችን ገና ካልፈረሱት ሰፈሮች አንዱን ይዘን፣ ሽማግሌዎቹን ብቻ ሳይሆን ውኃ የቀዱትንና እንጀራ የጋገሩትን እናቶች ብንጠይቅ፣ የእድሩንም መዝገብ በጸሐፊው ፈቃድ ብንገለብጥ፣ ለሚቀጥለው ጸሐፊ ከናፍቆት የተሻለ መነሻ እንተውለታለን። ሰፈሩ ሲበተን ብዙ እድር ድንኳኑን ለመከፋፈል ይገደዳል፤ መዝገቡ ግን ማን ዘንድ እንደሚቀር የሚጠይቅ የለም። እርሱን መጠየቅ የሚገባው ደግሞ ግሬደሩ ከመድረሱ በፊት ነው።