ከመፍታታችን በፊት እንጠይቅ፦ በሞተር ሳይክል ጥገና ማስታወሻችን ላይ የቀረበ አስተያየት

በሞተር ሳይክል ጥገና ሥልጠና ላይ ያላችሁ ሁሉ ያችን በፎቶ ኮፒ የምትዞር ማስታወሻ ታውቋታላችሁ። ዛሬ ስለ እሷ፣ በተለይም “የማርሽ ብልሽቶች” ስለሚለው ምዕራፍ የሚሰማኝን ልናገር። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ከሠልጣኞቹ ጋር ጽሑፉን የማነብ አስተማሪ ነኝ። ሆኖም የማስነብበው ጽሑፍ ሰው ሲያሳስት ካየሁ ዝም ማለት አልችልም።

በመጀመሪያ ጥሩ ጎኑን ላንሣ። ሥዕሎቹ ግልጽ ናቸው። ፔዳሉ ሲረገጥ በውስጥ ያለው ከበሮ እንደሚዞር፣ ከበሮው ሹካዎቹን እንደሚገፋ፣ ሹካዎቹም ማርሾቹን ወደ ጎን እያንሸራተቱ እርስ በርስ እንደሚያያይዟቸው ማንም እንዲገባው አድርጎ ያሳያል። ለዚህ አዘጋጆቹ ምስጋና ይገባቸዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ሠንጠረዡ ላይ ነው። በግራ “ብልሽት”፣ በቀኝ “መንስኤ” ይላል። “ማርሽ አልገባ ሲል” ለሚለው የመጀመሪያው መልስ “የሹካ መጣመም”፣ ሁለተኛው “የማርሽ ጥርስ መበላት” ነው። ስድስተኛው፣ ገጹ ሊያልቅ ሲል የሚገኘው፣ “የኃይል ማቋረጫ ገመድ መላላት” ይላል። ይህ እንግዲህ ሁላችንም የፍሪሲዮን ካቦ የምንለው ነው! ስድስቱም መልሶች እውነት ናቸው። ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል፤ አልፎ አልፎ የሚመጣው ከፊት፣ በየቀኑ የሚያጋጥመው ከኋላ።

ይህ የወረቀት ስሕተት ብቻ አይደለም። ባለፈው ወር አንድ የቦዳ ቦዳ ነጂ “ማርሽ አልገባ አለኝ፣ ዜሮም አላገኝ አለኝ” ብሎ ሞተሩን አመጣ። ልጆቻችን ሠንጠረዡን ተከትለው ዘይቱን አፈሰሱ፤ ኢንጂኑን አውርደው ለሁለት ከፈሉት። ሹካው ደህና ነበር። ጓርኒሲዮኑ ግን ተቀደደ፤ ሌላ እስኪመጣ አራት ቀን አለፈ። በመጨረሻ የተገኘው የላላ የፍሪሲዮን ካቦ ነው፤ የደቂቃዎች ሥራ። ሰውየው አልተቆጣም። “አራት ቀን ሙሉ ልጆቼ ምን በልተው እንደሰነበቱ የጠየቀኝ የለም” ብቻ ነው ያለው።

ስድስተኛውን መስመር ለምን እንደዘለሉት ስጠይቅ አንዱ ልጅ “ቲቸር፣ የኃይል ማቋረጫ ገመድ ማለት የቁልፉ ሽቦ መስሎን ነው እኮ” አለኝ። ምን ልበለው? እኔም አብሬ አንብቤ አልፌዋለሁ። ፈተናውም “ስድስት መንስኤዎችን ዘርዝር” ነው የሚለው። ኢንጂኑን የከፈቱት ልጆች ስድስቱንም ጽፈው ሙሉ ማርክ ያገኙ ናቸው፤ ማርኩንም የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ታዲያ ምዕራፉ ምን ሊል ይገባው ነበር? በእኔ አስተያየት ከመልስ በፊት ጥያቄ ማስተማር ነበረበት።

አንደኛ፤ ችግሩ ኢንጂኑ ሲሠራ ብቻ ነው ወይስ ጠፍቶም ጭምር? ሞተሯን አጥፍቶ፣ በማቆሚያዋ አቁሞ፣ የኋላ ጎማውን በእጅ ወዲህና ወዲያ እያሉ ማርሽ ማስገባት ነው። ጎማው ካልተነቃነቀ ጥርሶቹ ላይገጥሙ ስለሚችሉ ደህናው ማርሽም እንቢ ይላል። ይህን ማስታወሻው ጭራሽ አያነሣውም። ጠፍታ ሁሉም ማርሽ ከገባ፣ ስትነሣ ግን ካስቸገረች፣ ወይም ፍሪሲዮን ተይዞም ልሂድ ካለች፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በደንብ የማይለቅ ፍሪሲዮን ነው። እጀታው ጫፍ ላይ የሚኖረው ልል በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው። በጣም ከበዛ ዲስኮቹ አይለያዩም። ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ይንሸራተታል፤ ኢንጂኑ ይጮሃል፣ ፍጥነት የለም። እዚህ ካኩማ አሸዋ ላይ ፍሪሲዮን በግማሽ ይዞ መንዳት ዲስክ ቶሎ እንደሚበላም መጻፍ ነበረበት።

ሁለተኛ፤ ሞተሯ ወድቃ ነበር ወይ? ፔዳሉስ ተረግጦ ይመለሳል? የተጣመመ ፔዳል ከኢንጂኑ ክዳን ጋር ይጋጫል፤ ቡሎኑ የላላ ደግሞ ዘንጉ ላይ በባዶ ይዞራል። እነዚህ ደህና ሆነው ካልተመለሰ ሞላው ይታያል። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ሞላው የሚገኘው በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ክዳን ሲከፈት ስለሆነ ኢንጂኑን ለሁለት መክፈል አያስፈልግም።

ሦስተኛ፤ ምን ዘይት ነው የተጨመረው? በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ኢንጂኑ፣ ማርሹና ፍሪሲዮኑ አንድ ዘይት ይጋራሉ። ለመኪና ተብለው ከሚሸጡት ዘይቶች አንዳንዶቹ ፍሪሲዮንን ያንሸራትታሉ። ዕቃው ላይ “ጃሶ ኤምኤ” የሚል ምልክት መፈለግ ይሻላል።

አራተኛ፤ “ማርሽ ይዘላል” ሲባል የዘለለው በእርግጥ ማርሹ ነው? የላላ ካቴና በተበላ ጥርስ ላይ ሲዘልም እንዲሁ ነው የሚሰማው። ይህ ሁሉ ታይቶ፣ ጭነት ላይ ማርሹ በራሱ እየወጣ ካስቸገረ፣ ያኔ ሹካና ጥርስ ይጠረጠራል፤ ኢንጂንም ይከፈታል። የማስታወሻው የመጀመሪያ መልስ የእኛ የመጨረሻ እርምጃ መሆን ነበረበት ማለት ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሞተር እንኳ በሽታዋን አትደብቅም፤ የጎደለው ጠያቂ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ሠንጠረዡ ወጥቶ ጥያቄዎቹ በቅደም ተከተል ይግቡ። ቃላቱም ጋራዥ ውስጥ የምንናገራቸው ይሁኑ። ፈተናውም ወረቀት ላይ ብቻ አይቅር፤ ልጁ ሞተሯ ፊት ቆሞ መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቅ ይታይ። አዘጋጆቹ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አለኝ። እርማቱን አብሬ ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ።