ስለ መረጃ መጋዘን የቀረበ ትችት፤ ከሊቦ ከምከም ወረዳ ወረርሽኝ አንጻር

የመረጃ መጋዘን የሚባለው አሠራር በየክፍሉ ተበታትኖ የሚገኘውን የመሥሪያ ቤት መዝገብ በአንድ ሥርዐት አከማችቶ፣ ኀላፊዎች ለውሳኔ እንዲጠቀሙበት ማድረግ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው። የአይ ቢ ኤም ተመራማሪ የነበረው ሐንስ ፒተር ሉን በ1958 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ዐይነት ሥርዐት ጽፏል። ቢል ኢንመን ደግሞ መጋዘኑ በጉዳይ የተደራጀ፣ የተዋሐደ፣ የጊዜን ሂደት የሚያሳይና አንዴ የገባው የማይለወጥበት መሆን አለበት ሲል ደንግጓል። እኛ ድንጋጌውን ለመንቀፍ አልተነሣንም፤ ነገር ግን በደቡብ ጎንደር በደረሰ አንድ ነገር ብንፈትነው ምን እንደሚጎድለው ለማሳየት እንወዳለን።

ዋና ከተማው ደብረ ታቦር ከሆነው ከዚህ ዞን ወረዳዎች አንዱ ሊቦ ከምከም ነው። በዚህ ወረዳ በ1997 ዓ.ም. በግንቦት ወር ገደማ የካላ አዛር ወረርሽኝ መግባቱ ታወቀ። ሰዎች ግን ከዚያ አስቀድመው ሲታመሙና ሲሞቱ ቆይተው ነበር። የበሽታው ምልክት ረዥም ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥና የሰውነት መክሳት ነው። ትኩሳቱና የጣፊያው ማበጥ በወባም ስለሚገኝ፣ አካባቢውም የካላ አዛር አገር ተብሎ ስለማይታወቅ፣ ሕመሙ መድኀኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ተገምቶ ነበር። ካላ አዛር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ሲሆን፣ በሰሜን ምዕራብ አገራችን ከጥንት የሚታወቀው በሑመራና በመተማ ቆላ ነው። ወደዚያ ለአጨዳ ወርደው የሚመለሱ ሠራተኞች ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀሩ ይታመናል። ከታወቀም በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በወረዳው ከተማ በአዲስ ዘመን ሕሙማኑን አክሟል።

አሁን ወደ መጋዘኑ እንመለስ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው ዕቅዱ «የመረጃ አብዮት» የሚል ዓላማ አውጥቶ ነበር። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህም በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀውን ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የተባለ ሥርዐት በመላ አገሪቱ አሠራጭቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቀበሌዋ የመዘገበችው ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልልና ወደ ሚኒስቴሩ ይደርሳል። ቀድሞ በወረቀት ሲንከባለል ብዙ ቀን ይወስድ የነበረው ቁጥር ዛሬ በየደረጃው ባሉ ኀላፊዎች ፊት በሥዕልና በቀለም ይታያል። ይህን ያህል ሥራ ማቃለል ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህ ሥርዐት በ1996 ዓ.ም. ኖሮ ቢሆን ምን ባሳየ ነበር? የምንፈራው «ወባ» ብሎ ያሳይ እንደ ነበረ ነው። የየወሩ ሪፖርት ዋና ክፍል ድምር ነው፤ ይህ ጤና ጣቢያ በዚህ ወር ይህን ያህል የወባ ሕመምተኛ አየ ይላል። አንዱ ሕመምተኛ ያንኑ መድኀኒት ሦስት ጊዜ ወስዶ አለመዳኑ፣ ባለፈው ኅዳር ከመተማ መመለሱ ከድምሩ ውስጥ የለም። ጎተራ እህል እንጂ ዱቄት አይከተትበትም፤ የተፈጨውን መልሶ ዘር ማድረግ አይቻልምና። ራልፍ ኪምባል የተባለው ሌላው የዚህ ሙያ መምህር አስቀድሞ የሠንጠረዡ አንድ መስመር ምንን እንደሚወክል ይወሰን የሚለው ስለዚህ ይመስለናል። መስመሩ ወርና ጤና ጣቢያ ከሆነ ሰውየው ከመጋዘኑ በር ላይ ቀርቷል።

ከዚህም የባሰ አለ። በጤና ጣቢያዎች የመረጃን ጥራት ለመመርመር ጥቂት ቁጥሮች በናሙና ተመርጠው ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራሉ። መዝገቡ ወባ ካለ፣ ሪፖርቱም ወባ ካለ፣ ፈተናው ታልፏል። እንግዲህ ፍጹም ትክክል ተብሎ የተመሰከረለት ቁጥር የሌላ በሽታ ቁጥር ሊሆን ይችላል ማለት ነው!

ለሥርዐቱ ሊባል የሚገባውን ግን አንነፍገውም። ወባ በአካባቢው በይበልጥ የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። የብዙ ዓመት ቁጥር በአንድ ላይ ተቀምጦ ቢሆን፣ በበጋ የማይቀንስና በጥቂት ቀበሌዎች ብቻ የሚበዛ «ወባ» ከጎረቤቱ ከፎገራ ጋር ሲነጻጸር ዐይን ይስብ ነበር። ይህ የመጋዘኑ እውነተኛ ጥቅም ነው። በተግባር ግን በየስብሰባው በይበልጥ የሚጠየቀው ሪፖርቱ መሙላቱና በወቅቱ መድረሱ ነው።

ባዶ ቦታም እንደ ዜሮ እንዳይነበብ ያስፈልጋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ያን ዘመን ወደፊት የሚያጠና ተማሪ ሪፖርት ያልመጣበትን ወር በሽታ ያልነበረበት ወር አድርጎ ቢቈጥረው፣ ስሕተቱ ከመሣሪያው ሳይሆን ከአንባቢው ይሆናል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፤ በትኩሳት መዝገብ ላይ ሁለት ዐምዶች ይጨመሩ፤ ሕመምተኛው በዓመቱ ውስጥ የት ሠርቶ እንደ መጣና ለዚሁ ሕመም ስንተኛ ጊዜው እንደ ሆነ። ሁለቱም ሳይደመሩ ወደ መጋዘኑ ይግቡ። ሠንጠረዡን የሚመረምረው ሰው ባሕር ዳር ወይም ደብረ ታቦር ይቀመጥ ለሚለን ግን አዲስ ዘመን ይቀመጥ እንላለን። የወረዳው ሰው የአጨዳ ሠራተኞች ከሑመራ የሚመለሱበትን ወር ማንም ሳይነግረው ያውቃል።